የቅሬው እቃ ቤት ቁልፍ

ጋሽ ዘይኑልአቢዲን ጃንጥላ ጠጋኝ ናቸው። ደሴ ፒያሳ፣ ከጨርቅ ሱቆቹ በአንዱ በረንዳ ላይ፣ ሽቦው የወለቀ ጃንጥላና ጥርሱ የረገፈ ዚፕ ከበዋቸው ይውላሉ። ደሴን የማያውቅ ሰው «በጃንጥላ ጥገና ደግሞ ይኖራል እንዴ?» ይል ይሆናል። ይምጣና አንድ ክረምት ይክረምባት፣ ከዚያ ያውራ!

ሰፈራቸው ግን የሚያውቃቸው በጃንጥላ አይደለም፣ በቃላቸው ነው። በወጣትነታቸው የገዛ ወንድማቸው ከጎረቤት ጋር በአጥር ሲካሰስ፣ ሽማግሌ ፊት ቆመው «አጥሩን የገፋው ወንድሜ ነው» ብለው የመሰከሩ ሰው ናቸው። ወንድማቸው ለዓመታት አኩርፏቸው ኖሯል። ሰፈሩ ግን ከዚያ ወዲህ «ዘይኑ ብሏል» ከተባለ ሌላ ምስክር መጥራት ተወ። ባልና ሚስት ቢኮራረፉ፣ ወንድማማች በውርስ ቢጣላ፣ የነገሩ መጨረሻ እሳቸው ዘንድ ነው።

ለዚህም ነው የቅሬ ሰብሳቢ የተደረጉት። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። የዚህ ሰፈር ቅሬ ደግሞ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ላይ የሚቀባበሩበት ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ትልልቁ ድስትና ሟች የሚወጣበት ቃሬዛ የሚቀመጥበት የቆርቆሮ እቃ ቤት አለው። የዚያ እቃ ቤት ቁልፍ ጋሽ ዘይኑ የደረት ኪስ ውስጥ ነው የሚያድረው። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚፈለጉት እሳቸው ናቸው ማለት ነው። ይህ ነገር ያኮራቸው ነበር። ነበር ነው የምለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለድሃ ልጆች የኮሌጅ ክፍያ የሚሸፍን አንድ ድርጅት ኮምቦልቻ ላይ ቢሮ ከፈተ። ድርጅቱ የድህነት ማስረጃ ወረቀት ብዙም አያምንም፤ ወረቀት እንዴት እንደሚገኝ ያውቃላ! የሚያምነው ቅሬን ነው። ማን ቤት ድስት እንደተጣደ፣ ማን ቤት እንዳልተጣደ ቅሬ ያውቃል ብሎ የሰብሳቢውን ቃል ይሰማል። ከዚያ ተማሪው የሚኖርበትን ቤት ሄዶ ያያል። ለአንድ ሰፈር የሚሰጠው ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

በጋሽ ዘይኑ ሰፈር ይህ ቦታ የማን እንደሆነ ማሰብም አያስፈልግም ነበር። የሙና ነው። አባቷ አብዱልባሲጥ መናኸሪያ በተሸካሚነት ሲሠራ ኖሮ ሳንባውን ታሞ ከተኛ ከርሟል። እናቷ ዘይቱና የሰው ልብስ ታጥባለች፤ በዚያ ብርድ፣ በዚያ ውሃ፣ ጣቶቿ አብጠው አይታጠፉላትም። ሙና የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ሰፈሩን ባስጨበጨበ ውጤት አለፈች። ነርስ መሆን ነው የምትፈልገው፤ አባቷን የምታገላብጠውም፣ መድኃኒቱን የምትሰጠውም እሷ ናት። በረንዳው ድረስ መጥታ «ጋሽ ዘይኑ፣ ይመስክሩልኛል አይደል?» አለቻቸው።

«አብሽሪ! ላንቺ ያልመሰከርኩ ለማን ልመሰክር ነው?» አሉ። ከልባቸው ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ሐጂ ሙዓዊያ ከኮምቦልቻ መጡ።

ሐጂ ሙዓዊያ የዚሁ ሰፈር ልጅ ናቸው፤ ከጋሽ ዘይኑ ጋር በልጅነታቸው አብረው ቁርኣን የቀሩ። ዛሬ ኮምቦልቻ ላይ ብረትና ሲሚንቶ ያከፋፍላሉ፣ አይሱዙ መኪኖች አሏቸው፣ ፎቅ ጀምረዋል። ቅሬውን ግን አልለቀቁም። እህታቸው ፈትሂያም እዚሁ ሰፈር ናት። ባሏ ሞቶባታል፣ ልጅም አልወለደች፣ ግን ወንድሟ ምን ጎደለብሽ እያሉ በእንክብካቤ ያኖሯታል። ሐጂ ሴት ልጃቸውን ሰልዋን ከክረምቱ ጀምሮ እሷ ቤት አስቀምጠዋታል።

«ዘይኑ ወንድሜ» አሉ ሐጂ በርጩማ ስበው፣ «ሰልዋን ለዚያ ድርጅት አስመዝግቤያታለሁ።»

ጋሽ ዘይኑ ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነው። «የአንተን ልጅ?»

«የእኔን ሳይሆን የፈትሂያን በላት። እነሱ የሚጠይቁት አባቷ ማነው ብለው አይደለም፤ ከማን ጋር ትኖራለች ብለው ነው። ከፈትሂያ ጋር ትኖራለች። ፈትሂያ ባል አላት? የላትም። ሥራ አላት? የላትም። ታዲያ ውሸቱ የቱ ጋ ነው? ሕጉን እኔ አላወጣሁት!»

«እና የፈትሂያ ቤት… ፍሪጁ፣ ሶፋው፣ ያ ግድግዳ የሚያክለው ቲቪ?»

ሐጂ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የመጣሁትም ለሱ ነው። ቤቱን አይተው እስኪሄዱ እቃውን የቅሬው እቃ ቤት አስቀምጥልኝ። ወደ ኮምቦልቻ ላውርደው ብል መንደሩ ሁሉ ምን ሆነች ብሎ ይጠይቃል።»

እዚህ ላይ ጋሽ ዘይኑ «አይሆንም» ቢሉ ኖሮ የማወራው ነገር አይኖረኝም ነበር። ቃሉ እስከ ጉሮሯቸው መጥቶ ነበር። ግን ሳሊሃ ትዝ አለቻቸው። ባለቤታቸው ሳሊሃ አዲስ አበባ ሆስፒታል ስትሞት ጀናዛዋን በመኪናቸው ጭነው፣ ራሳቸው እየነዱ፣ ደሴ ድረስ ያመጡላቸው ሐጂ ሙዓዊያ ናቸው። የነዳጅ እንኳ አልተቀበሉም። ሐጂ ይህን አሁን አላነሱትም፤ ማንሳትም አላስፈለጋቸውም። አይ ይሉኝታ! ስንቱን ደህና ሰው አፉን አስያዘው! ሚስቱን ያመጣለትን ሰው ፊት ነሳ ቢባሉስ? ጋሽ ዘይኑ እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ሰደዱ።

እቃው በማግስቱ ጠዋት ገባ። ያን ቀን ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰው አጠገቡ ያለውን አያይም ነበር። የሐጂ ሠራተኞች ፍሪጁን፣ ቲቪውንና ትልቁን ሶፋ ከፈትሂያ ቤት አውጥተው ወደ ቆርቆሮው ቤት አጋዙት። ቦታ ሲጠባቸው ቃሬዛውን ጥግ አስይዘው ፍሪጁን ከፊቱ አቆሙት፣ ሶፋውን የተጠቀለለው ድንኳን ላይ ጫኑት። ጋሽ ዘይኑ በሩ ላይ ቆመው «አስተግፊሩላህ፣ አስተግፊሩላህ» ይላሉ። እያሉ ቆለፉት።

የድርጅቱ ሠራተኛ ወንጌላዊት የምትባል ጠንቃቃ ወጣት ናት። ሁለቱንም ቤት ከጋሽ ዘይኑ ጋር እየዞረች አየች። ፈትሂያ ቤት ባዶ ክፍል ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ቲቪው የተሰቀለበት ብረት ግድግዳው ላይ ቀርቶ ነበር፤ ሰልዋ ሻርፕ አንጠልጥላበታለች። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ጥፍሯን ትነክሳለች፤ በዚህ ሁሉ ነገር መጀመሪያ ያፈረችው እሷ ሳትሆን አትቀርም። አብዱልባሲጥ ቤት ሲገቡ ደግሞ ሰውየው ለእንግዳ ልነሳ ብሎ በክርኑ ተደገፈ፣ ሳሉ ያዘው፣ መልሶ ተኛ። «አፉ በሉኝ» አላቸው።

ደጅ እንደወጡ ወንጌላዊት ቆመች። «ጋሼ፣ ሁለቱም ቤት ተቸግሯል። ቦታው ግን አንድ ነው። እርስዎ ጎረቤት ነዎት፤ የማን ይብሳል ይላሉ?»

ጋሽ ዘይኑ መሬት መሬት እያዩ «ፈትሂያ ባል የላትም» አሉ። «ያችኛዋ ልጅ… ታሞም ቢሆን አባት አላት።»

ውሸት አልነበረም። አንድም ቃል ውሸት አልነበረበትም! ወንጌላዊት አመስግናቸው ሄደች። 

ስም ሲጠራ የሰልዋ ሆነ። ዘይቱና «አላህ ያላለው ነው» ብላ ወደ ልብስ ማጠቢያዋ ተመለሰች። ሙና በበረንዳው በኩል ስታልፍ ቆም ብላ፣ «ጋሽ ዘይኑ፣ ስለመሰከሩልኝ ጀዛከላህ፤ ባይሳካም ውለታዎ አለብኝ» አለቻቸው። እሳቸው በእጃቸው የያዙትን ጃንጥላ ጠቅ አድርገው ዘረጉና ፊታቸውን ከለሉበት፤ ቀዳዳ የሚፈልጉ መስለው። ልጅቱ እስክትርቅ ድረስ አላጠፉትም። ሐጂ ዘንድ ደውለው «እቃህን ውሰድልኝ» ቢሉ፣ «ትንሽ ታገሥ፣ ውል ሳይፈረም ቤቱን ደግመው ያያሉ አሉ» የሚል መልስ አገኙ። እሺ ብለው ዘጉ። እሺ ማለት ለምዶባቸው ነበር።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ አንድ ቀን ማለዳ፣ አብዱልባሲጥ ሞተ።

የቅሬው ጥሩምባ ሲነፋ ጋሽ ዘይኑ ቁርስ እየቀመሱ ነበር። «ቅሬ ስማ! አብዱልባሲጥ ወደ አኼራ ሄዷል! ቀብሩ ዛሬ ነው!» የሚለውን ሲሰሙ ብርጭቆው ከእጃቸው ወደቀ። መጀመሪያ ያሰቡት ሟቹን አይደለም፤ በዚህም ኋላ አፍረዋል። መጀመሪያ ያሰቡት እቃ ቤቱን ነው።

ሮጡ። ወጣቶቹ ግን ቀድመዋቸዋል። ሁዘይፋ የሚባለው የወጣቶቹ አለቃ፣ ለቅሶም ላይ ቢሆን ቀልድ የማያጣው የባጃጅ ሹፌር፣ ጓደኞቹን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ጋሽ ቀለሙም አሉ፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ የቅሬው ምክትል ሰብሳቢ።

«ጋሽ ዘይኑ፣ ቁልፍ» አለ ሁዘይፋ።

ጋሽ ዘይኑ ኪሳቸውን ዳበሱ። ቁልፉ እዚያው ነው፣ በጨርቁ በኩል ይቆረቁራቸዋል። «ቤት ረስቼዋለሁ መሰለኝ። እናንተ ሂዱና መቃብሩን ቆፍሩ፣ እኔ አወጣዋለሁ።»

«እርስዎ ብቻዎን ድንኳን ሊያወጡ? መቃብሩንማ እየቆፈሩት ነው።»

«ጀናዛው ታጥቧል፣ የቀረው ቃሬዛ ነው» አሉ ጋሽ ቀለሙ። «ዝናቡም መጣ። ለቀስተኛው የት ይቀመጥ?»

«ቁልፍ ከሌለ ይሰበራላ!» አለ ሁዘይፋና ድንጋይ አነሳ።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳይዋሹ የኖሩ ሰው፣ እንዲያው አንድ ውሸት እንኳ በወጉ መጨረስ አቃታቸው። ቁልፉን አወጡት። ቤት የቀረው ቁልፍ ከደረት ኪስ ሲወጣ ሁሉም አየ። 

በሩ ተከፈተ።

ፊት ለፊት የታየው ሶፋው ነው። ቀይ፣ ላስቲኩ ገና ያልተገፈፈ፣ ድንኳኑ ላይ ጉብ ያለ ሶፋ። ከጎኑ ቲቪው። ከኋላ ነጩ ፍሪጅ፣ ቃሬዛውን ግድግዳው ላይ አጣብቆ ይዞታል።

ሁዘይፋ ውስጡን አየ፣ ዞሮ ጋሽ ዘይኑን አየ። «ጋሽ ዘይኑ፣ ሊያገቡ ነው እንዴ?»

ከኋላ አንዱ ኪኪኪ ብሎ ሳቀ። ሳቁ ግን ወዲያው ቆመ። ጋሽ ቀለሙ ፍሪጁ ላይ የተነጠፈውን ዳንቴል አይተውታል። ጣዎስ ያለበት ዳንቴል ነው፤ ፈትሂያ ሠርታ ስትጨርሰው ያላየው የሰፈሩ ሰው የለም። ጋሽ ቀለሙ ዳንቴሉን አዩ፣ ጋሽ ዘይኑን አዩ፣ ከዚያ ቁልቁል ለቅሶ ወደሚሰማበት ወደ አብዱልባሲጥ ቤት አዩ። ገባቸው።

«ዘይኑ!» አሉ ቀስ ብለው።  ጋሽ ዘይኑ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ቢሰድቧቸው፣ አንዱ እንኳ አንገታቸውን ቢያንቃቸው በወደዱ።

ጀናዛ እየጠበቀ ግን ለስድብ ጊዜ የለም። ወጣቶቹ ፍሪጁን ገፍተው ቃሬዛውን መዘዙ፣ ሶፋውን አንስተው ድንኳኑን አወጡ። ዝናቡ ማካፋት ጀምሯል። የሰው ንብረት ጭቃ ላይ መጣል አልሆነላቸውምና ድንኳኑ ሲተከል ሶፋውንም ከሥሩ አስገቡት። እንዲህ ሆኖ በአብዱልባሲጥ ለቅሶ ላይ፣ ከአግዳሚዎቹ መካከል፣ ያ ቀይ ሶፋ ጉብ አለ። ከገራዶ የመጡ የሟቹ ዘመዶች ሽማግሌዎቻቸውን እዚያ ላይ አስቀመጡ።

ከቀብር መልስ ዘይቱና ከሴቶቹ መካከል ተነስታ እስከ ድንኳኑ ጫፍ መጣች። ዓይኗ አብጧል። ሶፋውንና የተቀመጡበትን ሽማግሌዎች አየችና ጋሽ ዘይኑን አስጠራቻቸው።

«ጋሽ ዘይኑ፣ ይሄን ያስመጡት እርስዎ ነዎት አሉ። ከእቃ ቤት ነው የወጣው አሉኝ። ለሱ ብለው ነው አይደል? አብዱልባሲጥዬ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። እንግዶቹን አከበሩለት። አላህ ያክብርዎት። ቀብርዎን ኑር ያድርገው። ከሳሊሃ ጋር በጀነት ያገናኝዎት።»

ጋሽ ዘይኑ አሚን ማለት አቃታቸው። ልንገራት ይሆን? እዚህ፣ ባሏን በቀበረችበት ሰዓት? «አይ ዘይቱና… እኔማ…» ብለው ቀሩ። እሷ ትሕትና መሰላት። ሌላ ምርቃት ጨመረችላቸው። ጋሽ ዘይኑ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሁሉንም ተቀበሉ።

ከሰዓት ሐጂ ሙዓዊያ ደረሱ። የሆነውን ማንም አልነገራቸውም። ወደ ድንኳኑ ሲገቡ ሁዘይፋ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ሐጂ! ይምጡ ይምጡ፣ እዚህ ለስላሳው ላይ! እርስዎ አግዳሚ አይችሉም።» የገራዶ ሽማግሌዎችም ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላቸው። ሐጂ ሶፋቸውን አወቁት። ቆመው ቢቀሩ ሰው ምን ሆነው ነው ይላል፤ ቢቀመጡ የራሳቸው ነው። ተቀመጡ። ላስቲኩ ሲጥ አለ። ማን እንደሚያውቅ፣ ማን እንደማያውቅ ከሰዉ ፊት ሊለዩ አልቻሉም። ዱዓ አድርገው፣ ሻይ ሳይጠጡ ተነሱ።

ጋሽ ዘይኑ መኪናው ድረስ ተከተሏቸው።

«ምን ዓይነት ውርደት ነው ያከናነብከኝ!» አሉ ሐጂ።

«ሙና አሁን አባት የላትም፣ ሐጂ።»

«አላህ ይርሐመው። ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«የሰልዋን ስም አሰርዝ።»

«ያለቀ ነገር ነው። ዘይኑ፣ እኔ እኮ ለአንተ…» ብለው ሐጂ አቆሙ። የቀረውን ጋሽ ዘይኑ ሰምተውታል።

«አውቃለሁ። አልረሳሁትም» አሉ። «ሳሊሃ ብትኖር ግን ያን ቁልፍ ከእጄ ትነጥቀኝ ነበር።»

በማግስቱ ሚኒባስ ይዘው ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ። ቁልቁለቱ አልቆ ሙቀቱ ሲቀበላቸው ሌላው ተሳፋሪ ኮቱን ያወልቃል፣ እሳቸው ልብም አላሉት። ወንጌላዊት ከወንበሯ ተነስታ አስቀመጠቻቸው። ሁሉንም ነገሯት። ፍሪጁን፣ ሶፋውን፣ ሻርፕ የተሰቀለበትን ብረት። «አባት አላት» ያሉበት ላይ ሲደርሱ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያች ልጅ ፊት አለቀሱ።

«ልጄ፣ ቦታውን ለሙና ስጧት» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «የቦታው ባለቤት እሷ ነበረች። እኔ እመሰክራለሁ።»

ወንጌላዊት ፋይሉን አውጥታ ገለጠች። «ጋሼ፣ ሰልዋ ትሰረዛለች። ግን ስለ ሙናም ቤት የመሰከሩት እርስዎ ነዎት። የቅሬ ቃል አንዴ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ፣ ያ ቅሬ የመሰከረው በሙሉ ይወድቃል፤ ደንባችን ነው። ዘንድሮ ከእናንተ ሰፈር ለማንም መስጠት አንችልም። ቦታው ወደ ሌላ ሰፈር ይሄዳል።»

«እሷ ምን አጠፋች?»

«ምንም አላጠፋችም። አለቆቼን እለምናለሁ። ግን ተስፋ አልሰጥዎትም።»

ሽቅብ ወደ ደሴ ሲመለሱ አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ሁለት ጊዜ «አሞዎታል እንዴ አባቴ?» ብሎ ጠየቃቸው። ላድናት ብለው ሄደው ጭራሽ በሩን ዘግተውባት መምጣታቸው ነው። ቤታቸው መግባት፣ በር ዘግቶ መተኛት አማራቸው። እግራቸው ግን ወደ ድንኳኑ ወሰዳቸው።

ለቀስተኛው እንደተቀመጠ ነው። ዘይቱናንና ሙናን አስጠርተው፣ ቆመው፣ አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። የኮምቦልቻውንም ጨምረው። ሙና እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ አየቻቸውና ወደ ቤት ገባች።

ዘይቱና ቆማ ቀረች። «የልጄን ነገር አላህ ይተካዋል፣ ለሱ ትቼዋለሁ» አለች። «ግን ጋሽ ዘይኑ፣ እንዲያ ስመርቅዎት ቆመው ይሰሙኝ ነበር። ሳልመርቅዎት በፊት ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?»

 

ቅሬው ሲሰበሰብ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «ለሌላ ሰው ስጡት» አሉ። የተቀመጠው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ጋሽ ቀለሙ ቁልፉን አንስተው መልሰው በእጃቸው አስያዟቸው። «ሰብሳቢነቱን ሌላ ሰው ይይዘዋል። ቁልፉን ግን አንተው ያዘው። ከእንግዲህ ያን ቤት እንዳንተ ተጠንቅቆ የሚጠብቅ ሰው አናገኝም።» ምሕረት ይሁን ቅጣት ጋሽ ዘይኑ አልለዩትም።

ፍሪጁና ቲቪው ወደ ፈትሂያ ቤት ተመለሱ። ሶፋውን ግን ፈትሂያ «ለቅሶ የተቀመጡበትን አላስገባም» አለች፤ ሐጂም ሊወስዱት አልመጡም። እቃ ቤቱ ውስጥ ቀረ። ሰልዋ አዲስ አበባ የግል ኮሌጅ ገባች፤ አባቷ ከፍለውላት። ከመጀመሪያውም መክፈል ይችሉ ነበር እኮ! አሁን ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር ጋሽ ዘይኑ ቀድመው ይደርሳሉ፣ በሩን ወለል አድርገው ይከፍታሉ፣ ሁሉም ውስጡን እስኪያይ ዞር ብለው ይቆማሉ። ድንኳኑን ለማውጣት መጀመሪያ ያ ቀይ ሶፋ መውጣት አለበት።

ሙና የኮምቦልቻ መልስ አልመጣላትም። እናቷ ያጠበችውን ልብስ በጀርባዋ አዝላ ለየባለቤቱ ስታደርስ በፒያሳ ታልፋለች። በረንዳው አጠገብ ስትደርስ «እንዴት ዋሉ» ትላለች፣ አትቆምም። ጋሽ ዘይኑ «ደህና ዋልሽ ልጄ» ይሏታል። ጃንጥላ በእጃቸው ቢኖርም አሁን አይዘረጉትም፤ ዞራ እስክትሰወር ድረስ ፊታቸውን ሳይከልሉ ያይዋታል።